ሁለት መጻሕፍት ያነበበ መነኩሴ

1540 ለኢትዮጵያ ክርስቲያን መንግሥት ክፉ ዓመት ነበር። የሽምብራ ኩሬ ሽንፈት 11 ዓመት ሆኖታል። ደብረ ሊባኖስ ከተቃጠለ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሽ ኖሮ በዚያው ዓመት መስከረም ደብረ ዳሞ ላይ ሞተ። በዚህ ሁሉ መሃል፣ ሰባ ዓመት ገደማ የሞላውና ከደብሩ የተሰደደ አንድ መነኩሴ ለአዳሉ ጦር መሪ ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጽሑፍ ያዘጋጅ ነበር። የምሕረት ልመና እንዳይመስላችሁ። ሙግት ነው፤ ያውም ምስክሩን ከቁርኣን የሚጠራ ሙግት።

መነኩሴው ዕንባቆም ይባላል፤ ጽሑፉ ደግሞ «አንቀጸ አሚን»፣ የእምነት በር። ዕንባቆም ቁርኣንን ከሰው አፍ ሰምቶ ወይም ለክርክር ብሎ አጥንቶ አልነበረም የሚያውቀው፤ ያደገበት መጽሐፍ ነው። 1470 አካባቢ የመን ውስጥ ከሙስሊም ቤተሰብ ሲወለድ የወጣለት ስም አቡል ፈትሕ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የኛን፣ የዐረቡንና የፖርቱጋሉን ምንጭ ጎን ለጎን ለማንበብ የሚያመቸው እሱ ነው።)

ሃይማኖት መለወጥ በኢትዮጵያ ታሪክ ብርቅ አይደለም። ንጉሥ ሲያዝዝ አገር ይጠመቃል፤ ኢማም ሲያሸንፍ አገር ይሰልማል፤ ጦሩ ሲመለስ ሕዝቡም ይመለሳል። ብርቁ ነገር ሊቅ ሆኖ መሻገር ነው። ተራው ሰው ሲሻገር የሚይዘው ልጆቹንና ከብቱን ነው። ሊቁ ግን የተማረውን ትቶ መሄድ አይችልም፤ ሱራው፣ ሐረጉ፣ የሙግቱ ስልት አብረውት ይሻገራሉ። በአዲሱ ቤት የሚከበረው በዚያው ዕውቀት ነው፤ የሚጠረጠረውም በዚያው። የዕንባቆም ሕይወት ለዚህ ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ የተሟላው ነው።

የሕይወቱ ዋና ምንጭ ከሞተ በኋላ በደብሩ ሰዎች የተጻፈው ገድሉ ነው። ገድል ደግሞ ሊያመሰግን የተጻፈ ነውና በጥንቃቄ ይነበባል። እኔ በበኩሌ ገድሉን የማምነው ለምስጋና በማይመቹት ቦታዎች ላይ ነው፤ ሲከሰስ፣ ሲሻር፣ ሲጋዝ። ስምንት ያህል ቋንቋ ያውቅ ነበር የሚለው ግን ከሰው ዕድሜ ይልቅ ከገድል ልማድ ጋር ይስማማል። ዐረብኛውና ግዕዙ አያጠራጥሩም፤ በእጁ የወጡ መጻሕፍት ይመሰክራሉ። የቀረውን፣ ቅብጡንም ዕብራይስጡንም፣ ሱርስቱንም አርመንኛውንም፣ አንባቢ እንደ እምነቱ ይቀበል።

ወጣቱ አቡል ፈትሕ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በዐፄ እስክንድር ዘመን፣ በ1480ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ያኔ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ የነበረው ሰው ዛሬ ከምናስበው በላይ ይተዋወቅ ነበር። ከዘቢድና ከዓደን ወደ ዘይላ፣ ከዘይላ ወደ ሸዋ የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ጨርቅና ባሪያ ብቻ ሳይሆን ወሬና መጽሐፍም ያጓጉዝ ነበር። ልጁን የረበሸው በገድሉ እንደተተረከው ጦርም ተአምርም አይደለም፤ ንባብ ነው። የቁርኣን ሦስተኛው ሱራ፣ አለ ዒምራን፣ መላእክት ለመርየም ሲያበስሯት ዒሳን ከአላህ የሆነ ቃል ይለዋል። «ቃል» ማለት ምን ማለት ነው? ይህን ጥያቄ ይዞ ከደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ከጴጥሮስ ጋር ተነጋገረ፤ ጴጥሮስ በኋላ የደብሩ እጨጌ የሆነው ነው። ብዙ ከተጠያየቁ በኋላ ተጠመቀ፤ መነኮሰም፤ የነቢዩን የዕንባቆምን ስምም ተቀበለ።

እዚህ ላይ የሙስሊሙን ወገን መልስ አለማስቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የተፍሲር፣ የቁርኣን ትርጓሜ፣ ሊቃውንት ይህ ጥያቄ አዲስ አልሆነባቸውም። ዒሳ «ቃል» የተባለው ያለ አባት «ሁን» በሚለው የአላህ ቃል ስለተፈጠረ ነው ይላሉ፤ አደምም እንዲሁ በቃሉ ተፈጥሯልና ከዚህ አምላክነት አይወጣም። ይህንንም ከዚያው ከሦስተኛው ሱራ ያስረዳሉ። ስለዚህ አቡል ፈትሕን ያሻገረው አንቀጽ ለሌላው አንባቢ ምንም የማያሻግር አንቀጽ ነው። ልዩነቱ ከፊደሉ አይደለም፤ አብሮ ከሚነበበው መጽሐፍ ነው። ዕንባቆም «ቃል»ን ሲያነብ የዮሐንስን ወንጌል የመጀመሪያ ምዕራፍ አጠገቡ አስቀምጦ ነበር።

በደብረ ሊባኖስ የነበረውን ዕድገት ለመረዳት የቦታውን ክብደት ማወቅ ያሻል። ጳጳሱ ከግብፅ የሚላክ ቅብጥ ስለነበር፣ አገሩንም ቋንቋውንም እንደ ባዕድ ስለሚያየው፣ ከአገሬው ካህናት ትልቁ ሥልጣን የነበረው የደብረ ሊባኖሱ አበምኔት፣ እጨጌው፣ ነው። ንጉሥን የሚመክር፣ ገዳማትን የሚያስተዳድር። እዚያ ወንበር ላይ ጴጥሮስን ተክቶ፣ ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሲቆጠር አሥራ አንደኛ ሆኖ፣ የመን የተወለደ የቀድሞ ሙስሊም ተቀመጠ። አሁን ባለንበት ዘመን የአንድን ሰው ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ለሹመት የምናበቃ ወይም የምናባርር ሰዎች ይህን ደጋግመን ብናስበው አይከፋም።

በዚያው ጊዜ ግድም ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አገሩ ውስጥ ነበር፤ ከ1520 እስከ 1526። አልቫሬዝ ከእስልምና የመጣ፣ የተማረ፣ የፈረንጁን ቋንቋና ጸሎት ለማወቅ የጓጓ መነኩሴ አግኝቶ ወዳጅ እንዳደረገው ጽፏል። አጥኚዎች ይህ ሰው ዕንባቆም ነው ይላሉ። ደስ የሚለኝ ጉጉቱ ነው። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ፣ ሃይማኖትና አገር ቀይሮ የጨረሰ ሰው፣ አሁንም ሌላ ፊደል ይጠይቃል።

ሥራው ግን ትርጉም ነበር። ለዐፄ ልብነ ድንግል የዮሐንስ አፈ ወርቅን የዕብራውያን መልእክት ትርጓሜ በ1523 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሰ። ወልደ ዐሚድ በሚል ስም የምናውቀው፣ ግብፃዊው ክርስቲያን አል መኪን የጻፈው የዓለም ታሪክም ወደ ግዕዝ የገባው በእሱ እጅ ነው ይባላል። ይህ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከ13ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የተረጎመችው አብዛኛው መጽሐፍ የመጣው ከግብፅ ክርስቲያኖች ዐረብኛ ነው፤ የዐረብኛው ጌታ ደግሞ አፉን የፈታበት ሰው ነው። በቁርኣን ትምህርት ቤት የተሳለ ምላስ ለአፈ ወርቅ አገለገለ።

ከዚያ ክሱ መጣ። ለንጉሡ ታማኝ አይደለም ተባለ። ዝርዝሩ ገድሉ ውስጥ በጥንቃቄ የተሸፋፈነ ስለሆነ ብዙ አልልበትም፤ ዋናው ግን ከሹመቱ ወርዶ መጋዙ፣ በኋላም ምሕረት ማግኘቱ ነው። ምሕረቱ ሲመጣ ግን ወደ ወንበሩ አልተመለሰም፤ ወረብ በሚባለው አገር በብሕትውና ተቀመጠ። ከአዳል ጋር ፍጥጫው በጠናበት ዘመን ዐረብኛ የሚናገር እጨጌ ለአሉባልታ የተመቸ ነው። ማንም ሌላ እጨጌ ከባሕር ማዶ ሰው ጋር ሲነጋገር ቢታይ ወንጌል ሰበከ ይባል ነበር፤ እሱ ሲሆን ምን ተናገረ ተብሎ ይጠየቃል።

ጦርነቱ ሲደርስ የጠረጠሩትም የተጠረጠረውም እኩል ተበተኑ። በ1529 መጋቢት ሽምብራ ኩሬ ላይ የንጉሡ ጦር ተፈታ። በ1531 ሐምሌ የኢማሙ ሰዎች ደብረ ሊባኖስ ደረሱ። የዘመቻውን ታሪክ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» ብሎ የጻፈው የኢማሙ ወገን፣ አረብ ፈቂህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲነድ መነኮሳቱ ራሳቸውን ወደ እሳቱ ይወረውሩ እንደነበር ራሱ መዝግቧል። ከጠላት ብዕር የወጣ ምስክርነት ስለሆነ ይከብዳል። ዕንባቆም ተሰደደ፤ ወደ ጋፋት አገር።

እንግዲህ «አንቀጸ አሚን» የተጻፈው በዚህ ሁኔታ ነው። ጸሐፊው በጋሻ አልተከለለም፤ ንጉሥ ከኋላው የለም፤ ፖርቱጋሎቹ ገና አልመጡም፤ ምጽዋ የደረሱት በሚቀጥለው ዓመት ነው። ተቀባዩ ደግሞ በአገሩ ላይ የፈለገውን ማድረግ የሚችል አሸናፊ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው የምትጽፍለት በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ትፈራዋለህ፣ ወይ የምትናገረው ቋንቋ ይገባዋል ብለህ ታምናለህ። ዕንባቆም ኢማሙን የሚያናግረው እንደ አረመኔ አይደለም። የተማረ፣ መጽሐፍ የሚያከብር፣ ከሱራ ቢጠቅሱለት ከየት እንደተጠቀሰ የሚያውቅ ሰው አድርጎ ነው። የኛ የክርስቲያን ዜና መዋዕሎች ስለዚያ ሰው ከጻፉት ሁሉ ይህ ይለያል።

ሙግቱ በጥቂት ዓምዶች ላይ ይቆማል። አንደኛው ያው የወጣትነቱ ጥያቄ ነው፤ ቁርኣን ራሱ ለዒሳ፣ ለመርየም፣ ለተውራትና ለኢንጂል ይመሰክራል ይላል፤ እያንዳንዱንም ከየሱራው እየጠቀሰ። ከዚህ አልፎ በአንዳንድ ሱራዎች ራስ ላይ የሚገኙትን ነጠላ ፊደላት፣ «አሊፍ ላም ሚም»ንና መሰሎቹን፣ ክርስቲያናዊ ትርጉም ይሰጣቸዋል። ይህ የሙግቱ ደካማ ቦታ ይመስለኛል። አብዛኞቹ የሙስሊም ሊቃውንት የነዚህን ፊደላት ምስጢር ለአላህ ትተውታል፤ ባለቤቶቹ ዝም ያሉበትን ፊደል እንግዳ ሲተረጉመው ማንንም አያሳምንም። ዕንባቆም ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ምናልባት የድሮው ተማሪ ፉክክር አሸንፎት ይሆናል፤ መምህራኑ ያላነበቡትን እኔ አነበብሁ የማለት።

ሌላው ዓምድ የመስፋፋት ነገር ነው። ክርስትና ጦር ባልያዙ ድሆች፣ በዓሣ አጥማጆች፣ ዓለምን ያዳረሰ ሃይማኖት ነው ይላል። ደብሩ ለተቃጠለበት ሰው ይህ ሙግት ከአንጀት የሚወጣ ነው። ሆኖም ኢማሙ መልስ ቢያጣ ይገርማል። በ1332 ዐፄ ዐምደ ጽዮን ኢፋትን የወረረው በዓሣ መረብ አይደለም፤ የሱልጣን ሰዕደዲን ደምም ዘይላ ላይ የፈሰሰው በክርስቲያን ንጉሥ ሠራዊት ነው። የአዳል ልጆች ይህን በጡት እየጠቡት ነው ያደጉት። ዕንባቆም ስለ ሐዋርያት እውነቱን ተናግሯል፤ ስለ ጎረቤቶቹ ግን ዝም ብሏል።

ከሁሉ የሚማርከኝ ሦስተኛው ነው። ወንጌል በብዙ ሕዝቦች ቋንቋ ይነበባል፤ ቁርኣን ግን በዐረብኛ ብቻ፤ አምላክ ለሁሉ ሕዝብ ከተናገረ በሁሉ ሕዝብ አንደበት ሊነበብ ይገባል የሚል ነው መንፈሱ። የትርጉም ሰው ሙግት ነው፤ ከራሱ የሥራ ጠረጴዛ የተነሣ። ይህን እያለም የቁርኣን አንቀጾችን በግዕዝ ያሰፍራል። ሙግቱ እንዳለ ሆኖ፣ ማፍረስ የፈለገውን መጽሐፍ በከፊል ለኢትዮጵያ አንባቢ ያስገባው ራሱ ሆነ ማለት ነው።

ዕንባቆም በዓለም ላይ ብቻውን አልነበረም፤ ወንድሞቹ በሌላ ባሕር ዙሪያ ነበሩ። ስፔን ውስጥ የሻቲባ ፈቂህ፣ የእስልምና ሕግ ሊቅ፣ የነበረ ሰው በ1487 ተጠምቆ ኹዋን አንድሬስ ተባለ፤ በ1515 ቫሌንሲያ ውስጥ እስልምናን የሚሞግት መጽሐፍ አሳተመ። ፌዝ ያደገው ሐሰን አል ወዛን በ1518 በባሕር ወንበዴዎች ተማርኮ ለሮም ሊቀ ጳጳስ ተሰጠ፤ በ1520 ክርስትና ተነሣ፤ አውሮፓ ለዘመናት አፍሪካን ያወቀችበትን መጽሐፍ ጻፈ። ሊዮ አፍሪካዊ የሚባለው እሱ ነው።

በተቃራኒው የተሻገሩም አሉ፤ ከነሱ መሃል ለዕንባቆም እንደ መስተዋት ሆኖ የሚታየኝ አንሴልም ቱርሜዳ ነው። የማዮርካ ልጅ፣ የፍራንሲስካን መነኩሴ፣ ቦሎኛ የተማረ። በ1380ዎቹ ቱኒስ ሄዶ በሱልጣኑ ፊት ሰለመ፤ ዐብደላህ ተባለ፤ በጉምሩክ አስተርጓሚ ሆኖ ስለሠራም አት ተርጁማን፣ አስተርጓሚው፣ የሚል ቅጽል ወጣለት። በ1420 የጻፈው «ቱሕፈት አል አሪብ» ክርስትናን የሚሞግተው ከወንጌል ነው። መነሻውም እንደ ዕንባቆም አንድ ቃል ነው፤ በዮሐንስ ወንጌል የተጠቀሰው ጰራቅሊጦስ ማን ነው የሚል። ቦሎኛ ያስተማረው ሽማግሌ ቄስ፣ ነቢዩ ሙሐመድ ነው ብሎ በምስጢር እንደነገረው ይተርካል። ክርስቲያኖች መንፈስ ቅዱስ ነው ብለው ይመልሳሉ፤ መልሳቸውም ከዚያው ወንጌል ነው።

ሁለቱን ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ብናስቀምጣቸው፣ በ120 ዓመት ልዩነት ማለቴ ነው፣ የሚግባቡ ይመስለኛል። ሁለቱም በልጅነታቸው ያጠኑትን መጽሐፍ ለአዲሱ ሃይማኖታቸው ምስክር አድርገው አቆሙ። ሁለቱም አስተርጓሚዎች ናቸው። ሁለቱም አንዲት ቃል ይዘው አልለቀቁም። ከሁለቱ ማን ልክ ነው የሚለውን እያንዳንዱ አንባቢ ገና ሳያነብ መልሶታል፤ የሙግት መጽሐፍ ዕጣ ይህ ነው። የሚነበበው በአብዛኛው ቀድሞ ባመነው ነው።

ወደ ጦርነቱ ልመለስ። በ1543 የካቲት ወይና ደጋ ላይ ኢማም አሕመድ ተገደለ፤ የልብነ ድንግል ልጅ ዐፄ ገላውዴዎስ አገሩን መሰብሰብ ጀመረ። ያገኘው ሕዝብ ግን በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ የተገላበጠ ነበር። በጦርነቱ የሰለሙት ሲመለሱ የሚነበብላቸው የንስሐ ሥርዓት፣ መጽሐፈ ቄድር፣ በቤተ ክርስቲያን ሥራ ላይ የዋለው በዚያ ዘመን ነው። ከተመላሾቹ አንዱ የንጉሡ ወንድም ሚናስ ነበር። ሚናስ በልጅነቱ ተማርኮ እስልምናን እንዲቀበል ተደርጎ፣ ወደ ዘቢድ፣ ወደ የመን ተልኮ ነበር፤ በኢማሙ ልጅ ተለውጦ ተመለሰ። አስቡት፤ ከየመን የመጣው ሙስሊም ደብረ ሊባኖስ ላይ እጨጌ፣ የኢትዮጵያው ንጉሥ ልጅ ደግሞ የመን ውስጥ ሙስሊም ምርኮኛ። ቀይ ባሕር ሁለቱን ወዲህና ወዲያ አሻገራቸው።

በዚህ ዘመን ዕንባቆም ወደ ክብሩ ተመልሶ ከገላውዴዎስ አጠገብ እናየዋለን፤ ሽማግሌ፣ መካሪ። በጥርጣሬ የተጋዘው ሰው አሁን ለምን እንደተፈለገ መገመት አያስቸግርም። ሰልሞ የተመለሰን ሕዝብ የሚያስተዳድር ንጉሥ፣ መሻገርን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል።

በ1553፣ ሰማንያ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ለገላውዴዎስ «በራላም ወየዋሴፍ»ን ተረጎመ። አባቱ ጣዖት አምላኪ ንጉሥ የሆነ የሕንድ አልጋ ወራሽ ከሐዘንና ከሞት ተከልሎ በቤተ መንግሥት ያድጋል፤ ሕመምተኛና ሽማግሌ ሲያይ ይደነግጣል፤ በራላም የተባለ ባሕታዊ ያስተምረዋል፤ ክርስቲያን ሆኖ ዙፋኑን ይተዋል። ታሪኩ የቡድሃ ታሪክ ነው። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስ አድርጎ ወደ ዐረብኛ ገባ፤ ከሙስሊሞች እጅ ወደ ክርስቲያኖች ተሻገረ፤ በጆርጂያና በግሪክ በኩል አውሮፓን አዳረሰ፤ በዐረብኛው በኩል ደግሞ የመን የተወለደ መነኩሴ ግዕዝ አደረገው። ዕንባቆም ቡድሃን መተርጎሙን አያውቅም ነበር፤ በዚያን ዘመን ያወቀ ክርስቲያንም ቢኖር ጥቂት ነው። እኔ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ ለእሱ የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል። ሙግት የለበትም፤ የአባቱን ቤት ስለተወ ልጅ ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ 1560 አካባቢ፣ ያ ከየመን የተመለሰው ሚናስ በነገሠበት ዘመን አረፈ።

ከሱ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል በዚህ ደረጃ የምጠራው ሰው የለኝም። ለውጡ ግን አልቆመም። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርቶ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ሲያዝዝ፣ መሐመድ ዓሊ ተጠምቆ ራስ ሚካኤል ሆነ፤ ሼህ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር ደግሞ እምቢ ብለው ሸፈቱ። ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረውም ብዙ ነው። በአዋጅ የሚደረግ ለውጥ ሊቅ አያፈራም፤ የሚያፈራው ወይ ሹም ወይ ሽፍታ ነው። ከተጠማቂዎቹ የሙግት መጽሐፍ ጻፈ የተባለ ሰው አልሰማሁም።

ዕንባቆምን የሚያስታውሰኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ የቤጌምድሩ ሼህ ዘካርያስ። በቁርኣን ትምህርት የበሰሉ ሼህ ነበሩ። በ1892 ራእይ አየሁ ብለው መስበክ ጀመሩ። የሚገርመው የጀመሩበት ቦታ ነው፤ ቁርኣኑን ሳይጥሉ፣ ከነጥምጥማቸው፣ ሼህ እንደተባሉ፣ ስለ ዒሳ ከቁርኣን እየጠቀሱ ከኡለማው ጋር ተከራከሩ። ክርክሩ ሕዝብን የሚያነሣሣ ስለነበር መንግሥት ገባበት፤ የመስበክ ፈቃድና ጥበቃም ሰጣቸው። እስኪጠመቁ 18 ዓመት ፈጀባቸው። በ1910 ከተከታዮቻቸው ጋር ተጠምቀው ነዋየ ክርስቶስ ተባሉ፤ ተከታዮቻቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ራሳቸው የቁርኣን መምህራን። በ1920 እስኪሞቱ ድረስ አስተማሩ። በነዚያ 18 ዓመታት የትኛው ወገን እንደነበሩ ጠይቆ የሚከራከር ሰው አይጠፋም። እኔ መጠመቂያቸውን ዓመት እንደ ድንበር ማየት አልችልም፤ የሚያስተምሩት ከፊትም ከኋላም ከአንድ መጽሐፍ ነበርና።

ዕንባቆምና ሼህ ዘካርያስ የተከራከሩት ንጉሥና ኡለማ በሚሰማበት አደባባይ ነው። ያ አደባባይ ዛሬ ወደ ሰፈር ወርዷል። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ በአየር ጤናና በዓለም ባንክ መሃል ያለውን ቤቴልን እንውሰድ። ሱብሒ አዛንና የኪዳን ጸሎት በድምፅ ማጉያ የሚደራረቡበት፣ የስልጤውም የጉራጌውም የወሎውም ልጅ በአንድ ግቢ የሚከራይበት ሰፈር ነው። እዚህ ንጽጽር፣ ወይም በሙሉ ስሙ የሃይማኖት ንጽጽር፣ ራሱን የቻለ የንባብ ዘርፍ ነው። ከ1991 በኋላ የኅትመት ነፃነት ሲመጣ የደቡብ አፍሪካው አሕመድ ዲዳት መጻሕፍት በአማርኛ ተተርጉመው ተቸበቸቡ፤ ከክርስቲያኑም ወገን መልሱ ወዲያው ወጣ። ከዚያ ካሴት፣ ከዚያ ሲዲ፣ አሁን ስልክ።

በዚህ ገበያ የሚፈለገው መምህር ማን ነው? የተሻገረው። ከአንዱ ወገን መጽሐፍ ቅዱስን በቃሉ የሚጠቅስ ሰለምቴ ኡስታዝ፣ ከሌላው ወገን ዐረብኛ የሚያነብብ የቀድሞ ደረሳ። አድማጩ ምስክርነቱን የሚመዝነው እንደ ጥንቱ ነው፤ «ውስጡን ያውቀዋል» ተብሎ። የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። ዕንባቆም ከጥያቄው እስከ «አንቀጸ አሚን» ሃምሳ ዓመት ያህል ኖረበት፤ በመሃሉ አፈ ወርቅን ተረጎመ፤ ተሾመ፣ ተሻረ። አሁን አንድ ሰው በሰኔ ተሻግሮ በነሐሴ መምህር ይሆናል፤ ትናንት የተወው መጽሐፍ ገና በቅጡ ያልተነበበ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱም ወገን ያሉ አስተዋይ ሰዎች ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ ልክ ናቸው። ቁርኣን ራሱ ከመጽሐፉ ሰዎች ጋር በመልካሙ መንገድ ካልሆነ አትከራከሩ ሲል ያስተምራል፤ የጴጥሮስም መልእክት መልስ በየዋህነት ይሁን ይላል። በስልክ ጩኸት ውስጥ ሁለቱንም የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

1969 በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል። በዚያ ዓመት የኔዘርላንዱ ምሁር ቫን ዶንዜል የ«አንቀጸ አሚን»ን ግዕዝ ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር በላይደን አሳተመ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ፣ ሼህ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተረጎሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ቁርኣን ወጣ። ሁለቱ ሥራዎች ስለ እርስ በርሳቸው የሚያውቁ አይመስለኝም። ሁለተኛው ግን ለመጀመሪያው ከማንም የተሻለ መልስ ነበር። ዕንባቆም በአንድ ቋንቋ ብቻ ተዘጋ ብሎ የተቸው መጽሐፍ ከ430 ዓመት ገደማ በኋላ በእሱ አገር ሰዎች አፍ ተከፈተ፤ የከፈቱትም ክርስቲያን ተሟጋቾች ሳይሆኑ ሙስሊም ሊቃውንት ናቸው። አንባቢው አሁን ሦስተኛውን ሱራ በአማርኛ አውጥቶ፣ ዕንባቆም የጠቀሰውን ቃል ከነአውዱ፣ ስለ አደም ከሚናገረው አንቀጽ ጋር አያይዞ ማየት ይችላል። እስከዚያ ድረስ ዐረብኛ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ በዚህ ክርክር ውስጥ የነበረው ድርሻ አንዱን አስተርጓሚ አምኖ መቀመጥ ነበር።